በራዲያተር ማጣበቂያ የተሞላ ጥርስ

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ነቢል? ወንድሜ ነቢል? አሁን ስምህን ከስልኬ ላይ ልሰርዘው ስል ነበር እኮ!… ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬም ደህና ናት። ስትጠፋባት ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ልጅ አድርጋ ይዛለች… አዎ፣ ስራ ላይ ነኝ። ጥርስ ክሊኒክ። አንድ ጊዜ መጥተህ ነበር፣ ታስታውስ እንደሆነ።

— አይ፣ አላስቸገርከኝም። አንዱ ታካሚ ወጥቶ ወንበሩን እየወለወልኩ ነው። ጓንቴን አውልቄ፣ ስም ሳላይ ነው ያነሳሁት… ምን?… አልሰማሁህም። መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ያለውን ዋጠውና አውራ… ምንም አልያዝክም? ታዲያ ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው የምታወራው ለምንድን ነው?… እሺ፣ እሺ፣ አትቆጣ።

— የመድኃኒት ስም?… "የመድኃኒት ስም ብቻ ንገሪኝ፣ ከፋርማሲ ልግዛ"። ማሻአላህ። የሚመርር ነው የሚጣፍጥ የምትፈልገው?… እየቀለድኩ አይደለም። ለየትኛው ጥርስ ነው?… በቀኝ፣ ከታች፣ መንጋጋ… ነቢል፣ እኛ የጀመርንልህ ጥርስ እንዳይሆን ብቻ… እሱ ነው።

— ሂክማ፣ ያንን የመሣሪያ ትሪ አንቺ መቀቀያው ውስጥ አስገቢልኝ፤ ወንድሜ ነው። አዎ፣ የጠፋው። እሱ ራሱ።

— ላንተ አይደለም። አብራኝ ለምትሰራዋ ለሂክማ ነው የነገርኳት… ምነው ዝም አልክ?… ሄሎ?… እሺ፣ መስመሩ መስሎኝ ነው።

— ስማ፣ እንዳልሳሳት አብረን እናስታውስ። ክረምት ላይ ጉንጭህን በሁለት እጅህ ይዘህ "ሩዋይዳ ልሞት ነው" ብለህ መጣህ። ዶክተር የኋላሸት ጥርስህን ከፈቱልህ። የበሰበሰውን ነርቭ አወጡልህ፣ ስሩን አጠቡልህ። ከላይ ነጭ ነገር አደረግንበት። ምን እንደሚባል ነግሬህ ነበር?… ጊዜያዊ ሙሌት። ጎበዝ! ጊዜያዊ ማለት ምን ማለት ነው?… አይደለም። ባንተ ቤት "ለዘላለም" ማለት ነው። በእኛ ቤት ግን በሳምንቱ ትመለሳለህ፣ ስሩ እስከ ጫፉ ይሞላል፣ ከላይ ዋናው ሙሌት ይደረጋል፣ በመብራት ይደርቃል፣ ከዚያ አጥንት ብትቆረጥምበትም ያንተ ጉዳይ ነው። ቀጠሮውን እኔ ነኝ የያዝኩልህ። ደወልኩልህ። ደጋግሜ ደወልኩልህ። "መንገድ ላይ ነኝ" አልክ። ያ መንገድ እስካሁን አላለቀም መሰለኝ።

— ህመሙ ስለቆመ? ይቆማል እንጂ! ነርቩን አውጥተን ምንህ ይመምህ? ቤቱ ሲቃጠል "እሳት! እሳት!" ብሎ የሚጮኸውን ሰው አስወጥቶ፣ "ዝም አለ፣ እሳቱ ጠፋ" ብሎ መተኛት ነው ያንተ ነገር።

— እና ያ ነጩ ምን ሆነ?… ወደቀ። ቆሎ ስትበላ። መቼም ቅቤ ስትልስ አይወድቅም… ቀዳዳውን ምን አደረግከው?… ማስቲካ። ተባረክ። ከዚያስ?… ቅርንፉድ። እሱስ ደግ ነው፣ ሽታው ይሻላል። ከዚያስ?… ማን?… ቶላ? ኮምባይነር የሚጠግነው ቶላ?… በምን?

— ድገምልኝ።

— በራዲያተር ማጣበቂያ።

— እኔ አልሳቅኩም። የሳቀችው ሂክማ ናት። እኔ ዘመድ ስለሆንኩ አይፈቀድልኝም። እሺ፣ መካኒክህ ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳውን ምን አደረገው? አጸዳው? አደረቀው?… እኛ እኮ አንዲት ጠብታ ምራቅ እንዳትነካው በግራ ጥጥ፣ በቀኝ ጥጥ ጎዝጉዘን፣ እኔ መምጠጫውን ይዤ ክንዴ እስኪዝል ቆሜ ነው አንድ ጥርስ የሚሞላው… በጨርቅ ጠረገው? በየትኛው ጨርቅ?… ተው፣ አትንገረኝ። ያንን ጨርቅ አውቀዋለሁ። ናፍጣ ይጠርግበታል፣ ዘይት ይጠርግበታል፣ ሲያልበው ፊቱን ይጠርግበታል።

— እና "እንደ ብረት ያዘ"። ደስ ይበልህ። ችግሩ መያዙ ነው ወንድሜ። ያ ቀዳዳ መጥፎ ቢሆንም መውጫ ነበር፤ ከስር የሚጠራቀመው መግል በሱ እየወጣ ነበር። ቶላ ደፈነው። መውጫ ያጣ መግል ወዴት ይሄዳል?… አዎ፣ አፍሮ ወደ መጣበት ይመለሳል!

— አብጧል?… "ትንሽ"። ያንተን ትንሽ ስለማውቀው በደንብ ንገረኝ። ከውጭ ይታያል?… ከአገጭህ ስር?… በቀኝ በኩል ብቻ ነው ወይስ ወደ ግራም ዞሯል?… በእጅህ ንካው። ይለሰልሳል ወይስ ጠጥሯል?… እንደ ምን?… እንደ ጣውላ።

— ሂክማ፣ ዶክተርን ጥሪልኝ… ታካሚ ላይ ቢሆኑም ጥሪያቸው።

— ምንም አልሆንኩም፣ ድምፄ ነው። አፍህን ክፈት። ጣትህን በጥርሶችህ መሃል አስገባ፣ ስንት ጣት ይገባል?… አንድ። እሱም በግድ። ምራቅህን ትውጣለህ?… ታዲያ የት ታደርገዋለህ?… በሶፍት ትጠርጋለህ። ሌሊት ተኝተህ ነበር?… ስትጋደም እያፈነህ ቁጭ ብለህ አደርክ። ቁጭ ብለህ አድረህ፣ ነግቶልህ፣ ደውለህ የጠየቅከኝ የመድኃኒት ስም ነው። ነቢል፣ አንተን ያስተማረ መምህር ደመወዙን ይመልስ።

— የት ነህ አሁን?… አሰላ? እዚሁ አሰላ ነህ?… ለምን መጣህ?… የምትነዳው ኮምባይነር ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። እና ቺንጋ ልትገዛ ከዲክሲስ አሰላ ድረስ መጣህ። ለኮምባይነሩ ሲሆን በአካል ትመጣለህ፤ ለራስህ ሲሆን በስልክ። እኔ ኮምባይነር ሆኜ ብወለድ ኖሮ በየሳምንቱ ትጠይቀኝ ነበር… ሚኒባስ ውስጥ? የዲክሲስ ሚኒባስ ውስጥ ገብተሃል? ረዳቱ ሲጮህ ይሰማኛል። ነቢል፣ ውረድ። አሁን ውረድ።

— ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወንድሜ ነው። ክረምት ላይ ስሩን የጀመሩለት። ከአገጩ ስር በሁለቱም በኩል አብጦ ጠጥሯል። አፉ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም፣ ምራቁን አይውጥም፣ ድምፁም… ስፒከር ላይ ላድርገው። ነቢል፣ አንድ ነገር ተናገር፣ ዶክተር ይስሙህ… የፈለግከውን። ስምህን ተናገር… ሰሙት ዶክተር?… እሺ። ወደዚህ አይደለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ይደውሉላቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ።

— ሰማህ? እኔ ያልኩህን ነው ያሉት፣ ልዩነቱ እሳቸው ጨዋ ናቸው። የሚዋጥ መድኃኒት አይበቃህም። ይከፈታል፣ መግሉ ይወጣል፣ መድኃኒቱ በደም ስር ይገባል። እብጠቱ ምላስህን ከስር ወደ ላይ እየገፋው ነው። ምላስ ደግሞ ወደ ላይ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኋላ ያለው የምትተነፍስበት ነው። ዲክሲስ መንገድ መሃል ላይ ሲዘጋብህ ማን ሊከፍትልህ ነው? ቶላ በካቻቢቴ?

— ምን ማለት ነው "አልችልም"?… ስንዴው። የሰዉ ስንዴ ደርቆ ቆሟል፣ ደመናውም መጥቷል። አዎ፣ ይዘንብ ይሆናል። ስንዴ ዝናብ ሲመታው መሬት ላይ ይበቅላል። ሰው ግን ሲቀብሩት በቅሎ አይቼ አላውቅም። ቺንጋውን ለረዳቱ ስጠው፣ ዲክሲስ ሲደርስ ለቶላ ያቀብለው። ኮምባይነሩን ማስነሳት ቶላ መቼም ይችላል፣ ስራው ነው… ታዲያ ምንድን ነው?… ስንዴ አይደለም። አውቅሃለሁ እኮ። መርፌ ፈርተህ ነው?… ያም አይደለም… ጮክ በል፣ አልሰማሁም… ሂክማ? ሂክማ ምን አደረገችህ?

— ቆይ። ቆይ፣ ይግባኝ። ማደንዘዣ ተወግተህ፣ ከንፈርህ ደንዝዞ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተንጋልለህ፣ ሂክማን ስልክ ቁጥሯን ልትጠይቃት ጀመርክ… "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" ስትል ለሃጭህ በአገጭህ ላይ ወረደ… እሷም መምጠጫውን አፍህ ውስጥ ከተተችው… ኧረ ስራዋ ነው ልጄ! ለሃጭ ሲወርድ ያንን ነው የምናደርገው፣ ለሚኒስትርም ለሽማግሌም! እና በዚህ አፍረህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያልመጣኸው? ጥርስህን ለቶላ አሳልፈህ የሰጠኸው በዚህ ነው?… ያ ረቢ! እኔ ደግሞ ለእማዬ "ስራ በዝቶበት ነው፣ አጨዳ ነው" እያልኩ ስዋሽልህ።

— ስፒከሩ?… እ… አዎ። አላጠፋሁትም… አዎ፣ እዚሁ ናት። ሁሉንም ሰምታለች… ፊቷን? ፊቷን ልነግርህ አልችልም፣ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባዋለች።

— ምን ልበለው ሂክማ?… እርግጠኛ ነሽ?… ነቢል፣ ሂክማ እንዲህ ትላለች፦ "ያን ቀን ሊለኝ የፈለገውን አልሰማሁትም። ይዳንና መጥቶ ይጨርሰው"… ሰማህ? አሁንስ ትወርዳለህ?… እሺ አልክ? እኔ ሞት ስልህ፣ ዶክተር ሆስፒታል ሲሉህ ጭንቅላትህ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ አሁን "እሺ"! ይሁን፣ በማንም ይሁን፣ ብቻ ውረድ… ምን? ሚኒባሱ ተነሳ?… ወጥቷል? ታዲያ "ወራጅ" በላ! ወራጅ ማለትም አፈርክ?

— ሄሎ?… ነቢል?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ምንድን ነው የሚሰማኝ፣ አንተ ነህ እንዲህ የምትተነፍሰው?… አትናገር። በቃ አትናገር። ስልኩን አጠገብህ ላለው ሰው ስጥ። ለማንም ይሁን፣ ስጥ ብቻ።

— ሄሎ… ሰላም ነው እናቴ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት… ኤዬ፣ ኤዬ… በኦሮምኛም በአማርኛም ይሆናል፣ እንዳመችዎ፤ ብቻ ስልኩን እንዳይዘጉት። የልጁ እህት ነኝ። ምን ይመስላል?… አልቦታል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ይሁን፣ እንደዚያው ይቀመጥ፣ ማንም እንዳያስተኛው። መስኮቱን ይክፈቱለት… አይ፣ ውሃ አይስጡት። ዘምዘምም ቢሆን አሁን አይሆንም እናቴ፣ ይማሩኝ። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ ረዳቱ በራሱ ስልክ መብራት ያብራልዎትና አፉን ይዩልኝ። ምላሱ የት ነው?… በጥርሶቹ ላይ ወጥቷል። ከስሩ ቀልቶ አብጧል… እሺ። እሺ እናቴ፣ በደንብ አይተውልኛል።

— አሁን ለሹፌሩ ይንገሩልኝ። ይህ ልጅ አሁኑኑ ሆስፒታል ካልደረሰ ትንፋሹ ይዘጋል ይበሉት… ምን አለ?… ትርፍ ስለጫንኩ ከተማ መሃል ትራፊክ ይይዘኛል? ትርፍ ጭኖ ትራፊክ የሚፈራ ሹፌር ዛሬ ገና ሰማሁ። ስልኩን ወደ ጆሮው… እ?… እርስዎ ራስዎ ሊነግሩት… እናቴ! እንደዚያ ይሉታል?… ሰዉም?… ሁሉም ናቸው የሚጮሁት?… ዞረ?… ዞረ! አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

— ሂክማ፣ ጋውንሽን ጣዪው፣ ነይ! ዶክተር፣ እኛ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን፣ መቀቀያው በርቷል… እሺ፣ እርስዎ ያጥፉልን።

— እናቴ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ያድርጉልኝ… ነቢል። አትመልስ። እኔ አወራለሁ፣ አንተ ስማ። ከሰማኸኝ በጥፍርህ ስልኩን አንኳኳው… ጎበዝ። ከተወለድክ ጀምሮ ሳትመልስልኝ ስታዳምጠኝ የዛሬው የመጀመሪያህ ነው። በአፍንጫህ ተንፍስ። ቀስ። ምራቁ ይውረድ፣ አትዋጠው፣ ማንም አያይህም። የሚያይህም ለምዶታል… እየሮጥን ነው። ሂክማ ቀድማኛለች፣ ያን የክሊኒክ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ። ባጃጁ ሁሉ ቆሞ ያየናል። አሰላ ዛሬ ወሬ አገኘች… አንኳኳ… እሺ።

— እኔ የምሰድብህ እኮ… ስሰድብህ ትናደድና ትደውልልኛለህ ብዬ ነው። ዝም ስልህ ትጠፋለህ። ሌላ መላ አጣሁልህ። አሁን ቶሎ ደርሰህ ተናደድብኝ፣ የፈለግከውን በለኝ… አንኳኳ… ነቢል፣ አንኳኳ… አልሰማሁም። ነቢል?… ነቢል!… እናቴ! እናቴ፣ ይሰሙኛል?… አለ? ዓይኑ ተከፍቷል?… እጁ ዝሎበት ነው። እሺ። እሺ፣ ይደግፉት፣ ደረቱን ወደ ፊት… ክላክስ ይሰማኛል። በስልኩም ይሰማኛል፣ በመንገዱም ይሰማኛል። የናንተ ነው?… በሩ ላይ ነኝ። አየኋችሁ! በዚህ፣ በዚህ በኩል!

— እናቴ፣ ስልኩ እርስዎ ጋ ይቆይ፣ እንዳይዘጉት። የኔን ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ… ያዙት! ቁጭ እንዳለ ያዙት፣ አታስተኙት!… ሲስተር፣ ዶክተር የኋላሸት የደወሉለት ልጅ ነው… አዎ፣ የታችኛው መንጋጋ፣ ስሩ ተጀምሮ ያልተጨረሰ… ውስጡ?… ውስጡ ያለው የራዲያተር ማጣበቂያ ነው… በትክክል ሰምተውኛል ሲስተር፣ የራዲያተር…

— …

— ሄሎ?… ሄሎ፣ እናቴ፣ አሉ?… አልዘጉትም! ኮሪደሩ ላይ ነኝ። ገባ። አዎ፣ ይተነፍሳል። ኦክስጅን አድርገውለታል። ሐኪሙ አየው፤ የትንፋሹ መንገድ ጠቧል እንጂ አልተዘጋም አለኝ። ቱቦ አስገብተው ከአገጩ ስር ይከፍቱታል፣ ይዘውት ሄዱ… ይድናል ብለውኛል፣ ኢንሻአላህ። እሱ ይድናል፣ ጥርሱ ነው የማይድነው፣ ይነቅሉታል። ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ነበር እናቴ። ትንሽ ነበር የቀረው።

— ምን?… አልሄዱም? ሚኒባሱ አሁንም በሩ ላይ ነው?… "ሳንሰማ አንሄድም" አሉ? ሁሉም?… ሹፌሩም?… ሱብሃነላህ። ገብቷል፣ ይተነፍሳል ብለው ይንገሩልኝ… ይሰማኛል። ይሰማኛል እናቴ፣ ሲያመሰግኑ ይሰማኛል።

— እኔ?… እኔ ደህና ነኝ… ብቻዬን አይደለሁም። አንዷ ጓደኛዬ በሩ ጋ የሱን ጫማ ታቅፋ ቆማለች፣ ስጪን ቢሏት አትሰጥም… ድምፄ?… አይ፣ ሮጬ ነው… አይ እናቴ፣ ሮጬ…

— አንድ ጊዜ… አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ…

— እሺ… እሺ፣ ተቀመጥኩ። መሬት ላይ ነው፣ ግድ የለም… ወንድም? ሌላ የለኝም። እሱ ብቻ ነው… አሚን… አሚን፣ እናቴ። ልጆችዎን ይባርክልዎ… እናታችንንማ አሁን እነግራታለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ… ስልኩን ለበረኛው ይስጡልኝ፣ ወጥቼ እወስደዋለሁ። በቃ ሂዱ፣ መንገድ ላይ እንዳይመሽባችሁ። በሰላም ግቡ።

— አይ፣ እርስዎ ይዝጉት እናቴ። እኔ እጄ እምቢ አለኝ።